«በዘራችን ያለ በሽታ ነው?» ሄፓታይተስ ቢ ለተገኘባት እርጉዝ እናት የተሰጠ የሐኪም ምላሽ

ጥያቄው፦ «31 ዓመቴ ነው፤ ሜሪላንድ እኖራለሁ። ከአራት ዓመት በፊት በዲቪ ነው የመጣሁት። አሁን የ22 ሳምንት እርጉዝ ነኝ። ለክትትል በተወሰደው ደም ሄፓታይተስ ቢ እንዳለብኝ ተነገረኝ። ነርሷ ‹ከአፍሪካ በመጡ ሰዎች ላይ የተለመደ ነው› ብላ አለፈችው። እኔ ግን አሞኝ አያውቅም፤ ክትባቱንም ለቪዛው ብዬ አዲስ አበባ ተከትቤያለሁ። ባለቤቴ ዝም ብሏል። አማቴ የምጠጣበትን ብርጭቆ ለይተው አስቀምጠዋል። ከየት አመጣሁት? በዘራችን ያለ በሽታ ነው? ልጄስ?»

ምላሽ፦

በመጨረሻው ጥያቄዎ እጀምራለሁ፤ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ነውና። ልጅዎ ከዚህ ቫይረስ ነጻ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። ሕፃኑ በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ ሁለት መርፌዎች ይሰጡታል። አንዱ የመጀመሪያው ዙር ክትባት ነው። ሌላው በሽታውን መቋቋም ከሚችሉ ሰዎች ደም የተጣራ ዝግጁ መከላከያ ሲሆን፣ የልጁ ሰውነት የራሱን እስኪሠራ ድረስ ዘብ ይቆምለታል። ቀሪዎቹ ዙሮች በየጊዜያቸው ከተሟሉ፣ እንደ እርስዎ ካሉ እናቶች ከሚወለዱ መቶ ሕፃናት ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ቫይረሱ ሳይዛቸው ያድጋሉ። በደምዎ ያለው የቫይረስ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ200,000 ዩኒት የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ፣ ከሰባተኛው ወር ግድም ጀምሮ ቴኖፎቪር የተባለ ክኒን በቀን አንድ ይወስዳሉ። መድኃኒቱ በወሊድ ጊዜ ቫይረሱ ተዳክሞ እንዲገኝ ያደርገዋል። 22ኛው ሳምንት ላይ ስለሆኑ ጊዜ አለዎት፤ ነገር ግን በዚህ ሳምንት ሐኪምዎ ዘንድ ደውለው «የቫይረሱ መጠን ተለክቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ካልተለካ ይለካልኝ ይበሉ።

ስለ ብርጭቆው። አማትዎ ይህን ያደረጉት በክፋት አይመስለኝም፤ ፈርተው ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን በብርጭቆ አይተላለፍም። በአንድ መሶብ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በመተቃቀፍ፣ በመሳሳም፣ በሳል አይተላለፍም። ጡት ማጥባትንም አይከለክልም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ስለዚህ ብርጭቆው ወደ ቦታው ይመለስ፤ ሊለይ የሚገባው ምላጩ፣ የጥርስ ብሩሹና የጥፍር መቁረጫው ነው። ይህን ለአማትዎ ቢነግሯቸው የሚሻለው ባለቤትዎ ናቸው፤ ከልጅ አፍ ሲሰማ እናት ልብ ላይ ይቀመጣል።

«ከየት አመጣሁት?» ብለው የሚጠይቁኝ ሴቶች ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጥያቄ ኋላ ሌላ ጥያቄ ደብቀው ነው የሚመጡት። ባሌ ምን ያስብ ይሆን? የሚል። የባለቤትዎም ዝምታ ከዚሁ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚከተለውን አብረው ያንብቡት። ይህ ቫይረስ በሰው ላይ ሥር ሰድዶ መቅረትና አለመቅረቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ሰውየው የተያዘበት ዕድሜ ነው። አዋቂ ሆነው ከሚያዙ መቶ ሰዎች ሥር የሚሰድባቸው ከአምስት ያነሱት ናቸው፤ የቀሩት በራሳቸው አቅም ያጸዱታል። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ የተያዙ ሕፃናት ከሆኑ ግን ከመቶው ወደ ሠላሳ በሚጠጉት ላይ ይቀራል። ሲወለዱ ከተያዙት ደግሞ ከመቶው ዘጠናው ተሸክመውት ይኖራሉ። እርስዎ ሳያምዎት፣ ምንም ሳይታወቅዎት ቫይረሱ በደምዎ የተገኘው፣ በአመዛኙ ገና ዳዴ ሲሉ ወይም ከዚያ በፊት ስለያዘዎት ነው። ትዳርዎን ከመመሥረትዎ በፊት፣ ባለቤትዎን ከማወቅዎ ሃያ ምናምን ዓመት አስቀድሞ ማለት ነው።

በሕፃንነት እንዴት? አንደኛው መንገድ ወሊድ ነው። በእኛ ሀገርና በብዙው የአፍሪካ ክፍል ግን ከዚያ ያላነሰው መንገድ የልጅነት ቤትና መንደር ነው።

እኔ ዘንድ ለምርመራ የሚመጣ ያገሬ ሰው አፉን ከፍቶ «አ» ሲል ባትሪዬን አበራለሁ። ከብዙዎቹ ጉሮሮ ውስጥ እንጥል የለም። አብረውኝ የሚሠሩ አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህን ሲያዩ በቀዶ ጥገና የወጣ ይመስላቸዋል። እኔ ግን በረንዳ ላይ ተቀምጦ የመንደሩን ሕፃናት በየተራ የሚቀበለውን ሰውዬና በእጁ የያዘውን ምላጭ አስባለሁ። አንዱን ልጅ ጨርሶ ምላጩን በጨርቅ ይጠርግና ሌላውን ይቀበላል። ሄፓታይተስ ቢ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ እንኳ፣ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት፣ ግርዛት፣ ዋግምት፣ ንቅሳት፣ በአንድ ምላጭ የሚላጩ ወንድማማቾች፤ ሁሉም መንገዶች ናቸው። እናቶቻችን ይህን ያደረጉት ልጃቸውን ለማዳን ነበር። እንጥሉ ወርዶ ያንቀዋል፣ ግጉ ያስቀምጠዋል ብለው ፈርተው ነው፤ ማንም እንዲወቅሳቸው አልፈልግም። ነገር ግን መንገዱን ማወቅ አለብን።

«አሞኝ አያውቅም» ላሉትም መልሱ እዚሁ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» እንላለን፤ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው እየተባለ አድገናል። ስያሜው በአንድ ነገር ጎድቶናል፤ የጉበት በሽታ ማለት ቢጫ ዓይን ብቻ እንዲመስለን አድርጓል። በልጅነት የገባ ሄፓታይተስ ቢ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ዓይንን ቢጫ ሳያደርግ፣ ሥራ ሳያስፈታ፣ ጉበት ላይ ጠባሳ እያበጀ ሊቆይ ይችላል። በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ የታክሲ ሾፌር ሆዱ አብጦ ሲመጣና ካንሰሩ ከጉበቱ አልፎ ሲገኝ፣ ቤተሰቡ «በድንገት ታመመ» ይላል። በድንገት አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። በዘራችን ያለ በሽታ አይደለም። ይህንን የምለው ላጽናናዎት ብዬ አይደለም፤ ሳይንሱ ራሱ በዚሁ ስሕተት ውስጥ አልፎ የመጣ ስለሆነ ነው። ባሩክ ብሉምበርግ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተለያዩ ሕዝቦችን ደም እየሰበሰበ በዘር የሚወረሱ ልዩነቶችን ይፈልግ ነበር። በአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ እንግዳ የሆነ ፕሮቲን አገኘና «አውስትራሊያ አንቲጂን» አለው። በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ በብዛት፣ በሌሎች ዘንድ ከናካቴው ስለጠፋ፣ ከወላጅ የሚወረስ የዘር ባሕርይ ነው ብሎ አሰበ። ቆይቶ ግን በመጀመሪያው ምርመራ ያልነበረበት አንድ በሽተኛ በሌላ ጊዜ ሲመረመር ተገኘበት፤ ሰውዬውም የጉበት ብግነት ይዞት ነበር። የዘር ባሕርይ ደግሞ ዛሬ ጠፍቶ ነገ አይመጣም። ያ ፕሮቲን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ቅርፊት መሆኑ የታወቀው እንዲህ ነው። ብሉምበርግ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እርስዎ ውጤትዎ ላይ «ፖዘቲቭ» ተብሎ የተጻፈውም ያው ፕሮቲን ነው።

ዘር ቢሆን ኖሮ ክትባት ባልለወጠው ነበር። ታይዋን በ1984 ሕፃናትን መከተብ ስትጀምር ከመቶ ልጆች አሥሩ ያህል ቫይረሱ ነበረባቸው፤ ዛሬ በክትባት ዘመን ከተወለዱት ውስጥ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። በአሜሪካ ውስጥ በዚህ በሽታ ከሁሉ በላይ ይጠቁ የነበሩት የአላስካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ክትባቱ በየመንደሩ በአውሮፕላንና በበረዶ ላይ ተጓጉዞ ሲዳረስ፣ በልጆች ላይ ይታይ የነበረው የጉበት ካንሰር ጠፋ። ደማቸው አልተለወጠም፤ የደረሳቸው አገልግሎት ነው የተለወጠው። በኢትዮጵያ ለሕፃናት የሚሰጠው ክትባት ይህን መከላከያ ማካተት የጀመረው በ2007 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የመጀመሪያው ዙርም የሚሰጠው በስድስተኛው ሳምንት ነበር። እርስዎ ከዚያ በፊት ተወለዱ። ልዩነቱ ይኸው ነው። በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከመቶ ሰው ወደ ሰባት የሚጠጋው ቫይረሱ አለበት፤ በአሜሪካ በአጠቃላይ ሕዝቡ ውስጥ ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አይሞላም።

ነርሷ «የተለመደ ነው» ብላ ማለፏ ግን አሳዝኖኛል። የተለመደ ከሆነ፣ ለምን አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልመረመረዎትም? የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ቫይረሱ በሚበዛባቸው ሀገሮች የተወለደ ማንኛውም ሰው እንዲመረመር መምከር ከጀመረ ከ2008 ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። በ2023 ደግሞ ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ቢያንስ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይመርመር ብሏል። መመሪያው ነበረ፤ እርስዎ ዘንድ አልደረሰም።

ካልደረሰበት ምክንያት አንዱ አቆጣጠሩ ነው። በዚህ ሀገር የጤና ቅጽ ላይ ሪችመንድ የተወለደ፣ አያት ቅድመ አያቱ በዚሁ አፈር የኖረ አሜሪካዊና ትናንት ከጎንደር የመጣ ሰው አንድ ሳጥን ውስጥ ምልክት ያደርጋሉ፦ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ»። ሁለቱ በጤና ላይ የደረሰባቸው በደል አንድ ዓይነት አይደለም። ጥቁር አሜሪካውያን ከሕዝቡ 12 በመቶ ገደማ ሆነው በየዓመቱ ኤች አይ ቪ አዲስ ከሚገኝባቸው ሰዎች ግን ወደ 40 በመቶ ይጠጋሉ፤ ይህም የቆዳ ነገር አይደለም፤ የጤና መድን ማጣት፣ ዘግይቶ መታወቅ፣ መድኃኒት ቶሎ አለማግኘትና ለዘመናት የተከማቸ አለመተማመን ነው። የእኛ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። እኛ በዚያ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ስንደመር የሄፓታይተስ ቢ ቁጥራችን ይሟሟል፤ አማካዩ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ሐኪሙም ጥቁር ታካሚ ሲያይ ይህ በሽታ ትዝ አይለውም። የእስያ ተወላጆች ከአሜሪካ ሕዝብ 6 በመቶ ገደማ ሆነው ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ ናቸው፤ ለብቻቸው ስለተቆጠሩ ይህ ታወቀ፤ ስለታወቀም ቬትናማዊት ወይም ቻይናዊት ስትመጣ ብዙ ሐኪሞች ሳይጠየቁ ያዝዛሉ። እኛ ስላልተቆጠርን አልታየንም። በማርች 2024 የዋይት ሀውስ የበጀት ቢሮ ባወጣው አዲስ የአቆጣጠር ደንብ «ጥቁር» በሚለው ሥር ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሌ፣ ናይጄሪያዊና ሌሎችም ተለይተው ይጻፉ ተብሏል። እስከዚያው ግን ክሊኒክ በገቡ ቁጥር የተወለዱበትን ሀገር በአፍዎ ይናገሩ። ቅጹ የማይጠይቅዎትን እርስዎ ያስጽፉ።

ሌላው ምክንያት እርስዎው የነገሩኝ ነው፤ ክትባቱ። ለስደተኛ ቪዛ የሚጠየቀው ክትባቱ እንጂ ምርመራው አይደለም። ስለዚህ ቫይረሱ ከልጅነቱ ያለበት ሰው ይከተባል፣ ካርዱ ላይ ማኅተም ያርፋል፣ ከዚያም «እኔ ተከትቤያለሁ» ብሎ ዕድሜ ልኩን ይረጋጋል። ክትባቱ አይጎዳውም፤ ነገር ግን የገባውን ቫይረስ አያስወጣም። ይህን በየሳምንቱ ነው የማየው። በጣም ያንገበግበኛል፤ በዚያው ቀን ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም ተወስዶ ቢሆን ሁሉም በታወቀ ነበር። ወዳጅ ዘመድዎ በክትባት ካርዱ እንዳይታለል ይንገሩት። መጠየቅ ያለበት ሦስት ነገር የሚያሳየውን የደም ምርመራ ነው፦ ቫይረሱ አሁን አለ ወይ? ከዚህ በፊት ነበረ ወይ? መከላከያ አለ ወይ?

ባለቤትዎ በዚህ ሳምንት ይመርመሩ። ከሌለባቸውና መከላከያም ካላዳበሩ ይከተቡ፤ በተለመደው አሠራር ሦስት ዙር በስድስት ወር ውስጥ ያልቃል። አማትዎም እንዲሁ፤ ያን ጊዜ ብርጭቆ መለየቱ በራሱ ይቀራል። ከዚያ ደግሞ ሀገር ቤት ያሉትን እናትዎንና እኅት ወንድሞችዎን ያስቡ። አንድ ጊዜ እንደ እርስዎ በእርግዝና የተገኘባት እናት ለአዲስ ዓመት ሀገር ቤት ስትደውል ወንድሞቿን አንድ በአንድ ለመነቻቸው። ታላቅየው እምቢ አለ፤ «ጤነኛ ሰው ምን ደም ያሰጣል?» አለ። ታናሾቹ ተመረመሩ፤ አንዱ ላይ ተገኘ። ታላቅየው የሄደው ያን ጊዜ ነው። እሱም ነበረበት፤ ጉበቱ ጠባሳ መያዝ ጀምሮ ነበር፤ ግን መድኃኒት የሚደርስበት ጊዜ ላይ ነበር። ያ ስልክ ባይደወል ኖሮ የሚሆነውን አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ሰዎቻችን ምርመራን የሚሸሹት ያለ ምክንያት እንዳልሆነም ላውራ። ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ለሥራ የሚሄዱ እኅቶቻችን ይህ ቫይረስ ከተገኘባቸው «ብቁ አይደለችም» ተብለው ይቀራሉ፤ ቤት የሸጠና የተበደረ ቤተሰብ ተስፋ በአንድ ወረቀት ይዘጋል። በእስራኤል በጃንዋሪ 1996 ማአሪቭ ጋዜጣ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን የለገሱት ደም ለዓመታት በምስጢር ሲጣል እንደነበር አጋለጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ወጥተው ጮኹ። ደሙን አንድ በአንድ መመርመር ሲቻል፣ ሕዝቡን በሙሉ በጅምላ ጠረጠሩት። «ከአፍሪካ የመጡት ላይ የተለመደ ነው» የሚል ንግግር ጆሮአችንን የሚያቆስለው ይህ ሁሉ ከኋላ ስላለ ነው።

ባሉበት ሀገር ግን ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። ሄፓታይተስ ቢ የመኖሪያ ፈቃድ አያስከለክልም። በ2013 በኒው ጀርሲ በዚህ ቫይረስ ምክንያት ሕክምና ትምህርት ቤት እንዳይገቡ የተደረጉ ሁለት ተማሪዎች ጉዳይ ለአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ቀርቦ፣ በሽታው በአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ እንደሚሸፈን ተረጋግጧል። ስለዚህ በዚህ ሕግ የሚገዛ አሠሪ በዚህ ሰበብ ሊያባርርዎ አይችልም። አስተርጓሚም በነጻ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ በጎረቤትዎ በዋሽንግተን ዲሲ አማርኛ በ2004 የቋንቋ ሕግ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። እባክዎ ባለቤትዎን ወይም የጎረቤት ልጅ አስተርጓሚ አያድርጉ። በእነሱ ፊት የማይጠየቁ ጥያቄዎች አሉ፤ የማይመለሱም አሉ።

ከወሊድ በኋላ የራስዎን ጉበት እንዳይረሱት። ልጅ ሲወለድ እናት ከወረፋው መጨረሻ ትሰለፋለች፤ በእኛ ዘንድ ይህ ይብሳል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ቫይረሱ ሊነቃ ስለሚችል የጉበት ምርመራው በጊዜው መደረግ አለበት። ከዚያ በየስድስት ወሩ ደም፣ እንደ ዕድሜዎና እንደ ቤተሰብ ታሪክዎ ደግሞ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ። ከወላጅ ወይም ከእኅት ወንድም በጉበት ካንሰር የሞተ ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። በቤታችን «በሆድ ዕቃ በሽታ ሞተ» የሚባለው ስንት ጊዜ ጉበት ነው! ክኒን ከተጀመረ በራስዎ ውሳኔ እንዳያቆሙ፤ ድንገት ሲቋረጥ ቫይረሱ ተመልሶ ጉበትን ሊያቃጥል ይችላል። መጠጥ ይቅር። ከሀገር ቤት በሻንጣ የሚመጣ «የጉበት መድኃኒት» የተባለ ሥርም ሆነ ቅጠል፣ ሰጪው የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ አይቅመሱ፤ አንዳንዱ ራሱ ጉበት ይጎዳል፤ በሐኪም የታዘዘውን መድኃኒትም ያስጥላል።

አሁን ወደ ወሊዱ ቀን። የመውለጃ ሻንጣዎን ሲያዘጋጁ የምርመራ ውጤትዎ የታተመበትን ወረቀት ከላይ ያድርጉት። ሆስፒታል እንደገቡ ለአዋላጅ ነርሷ «ሄፓታይተስ ቢ አለብኝ፤ ልጄ ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል» ይበሉ፤ ፈረቃ ሲቀየር ለተረካቢዋም ይድገሙት። ባለቤትዎ ሰዓቱን ይያዙ፤ 12 ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱም መርፌዎች መሰጠታቸውን በዓይናቸው ይዩ። ጡት ለማጥባት መርፌውን መጠበቅ አያስፈልግም። ቀሪዎቹን ዙሮች የሕፃናት ሐኪሙ ይሰጣል። ልጅዎ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ደሙ ይመረመራል፤ ይህን ምርመራ ብዙ ቤተሰብ ይረሳዋል፤ እርስዎ ቀጠሮውን ከአሁኑ ያስይዙ። ውጤቱ ላይ ሁለት መስመር ይፈልጉ፦ ቫይረሱ የለም፤ መከላከያው አለ።